የቄስ ጉዲና ፎቶና የአጎቴ ዓይን

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ነገሩ የሆነው ባለፈው ሐምሌ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩት እማዬን ሳላስፈቅድ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። ሰሞኑን ወልቂጤ ሄጄ ጠየቅኳት። "ጻፈው፤ ስም ግን አትጥራ" አለችኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የቤተሰቤን ሰው ስም አታገኙም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ፎቶ ቤት እንበለው እንጂ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ አለ፣ የምርቃት ሰሞን ተማሪዎች አሉ፣ ሰርግ ሲገኝ ሰርግ ነው። የቀረው ሥራ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽንና ባነር ነው። ባነሩን ዲዛይን አድርጌ ፋይሉን በቴሌግራም አዲስ አበባ እልካለሁ፤ እዚያ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ይመጣልኛል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ሥራ ተጨመረ፤ አሮጌ ፎቶ ማደስ። ሰው የአባቱን ወይም የአያቱን የተቀዳደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። እኔ በስልኬ አንስቼ ለኤአይ እሰጠዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አያትየው ባለ ቀለም ሆነው፣ ጋቢያቸው ነጥቶ፣ ቆዳቸው ጠርቶ ቁጭ ይላሉ። ሰዉ ሲያይ ያለቅሳል፣ ይመርቀኛል፣ ይከፍለኛል። እኔም እስከ ሐምሌ ድረስ አንድም ቀን አላሰብኩበትም ነበር።

ሐምሌ እንደገባ፣ ዘቢዳር በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ሦስት ወጣቶች ገቡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ከተማችን ካሉት አጥቢያዎች ከአንዷ ነው የመጡት። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ የቄስ ጉዲና ቱምሳን ፎቶ አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ሐምሌ 21 የመታሰቢያ ምሽት አለን። ይሄን በትልቁ እንድትሠራልን ነው። ሁለት ሜትር በሦስት።"

ፎቶውን አውቀዋለሁ። የወንጌላውያን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው አንድ ቦታ ሳያየው አይቀርም። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ደግሞ እዚህ ፌስቡክ ላይ ይዞራል። እነሱ ያመጡት ግን ከአንዱ ቴሌግራም ወደ ሌላው ሲንከራተት የከረመ፣ የደበዘዘ ነው። ትንሽ ሲያሰፉት ፊቱ ሸራፋ ካሬ ብቻ ይሆናል።

"ጥራቱ ለባነር አይሆንም" አልኳቸው።

"በኤአይ አድሰዋ!" አለች ልጅቷ። "ቀለምም ይኑረው። ልጆቹ ጥቁርና ነጭ ሲያዩ የድሮ ታሪክ ነው ብለው ያልፉታል።"

"ከኋላው ብርሃን ይኑረው" ብሎ ሌላው ጨመረ። "አክሊል ነገርም ብታደርግበት። ሰማዕት መሆናቸው መታየት አለበት።"

ለማያውቃቸው ትንሽ ልበል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1929 ወለጋ፣ ቦጂ ውስጥ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምት በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የቅስና ማዕረግ ተቀበሉ። ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተምረው ተመለሱና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ታዋቂ ደብዳቤ በዋናነት የሳቸው ሥራ ነው። የደብዳቤው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እናንተ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለስብከት ስንጠይቅ ግን እጃችሁ ይታጠፋል፤ ሰው ግን ሥጋውና ነፍሱ ለየብቻ የሚረዳ ሁለት ፍጡር አይደለም። ከአፍሪካ የመጣ ደብዳቤ ለአውሮፓ ለጋሾች እንዲህ ሲናገር በዚያ ጊዜ ያልተለመደ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቄስ ጉዲና ታስረው ተፈቱ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ እንዳመቻቹላቸው ይነገራል፤ እሳቸው ግን ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዑራኤል በሚገኘው መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ተወሰዱ። አብረዋቸው የተያዙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ያን ሌሊት ተለቀቁ፤ በኋላ ግን እሳቸውም ታስረው 10 ዓመት ያህል እስር ቤት ከረሙ። ባለቤታቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የሚነግራቸው አልነበረም። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። የተወሰዱ ዕለት ዕድሜያቸው 50 ነበር።

ወደ ሱቄ ልመለስ። ባነሩን ሠራሁት። ኤአዩ ሦስት አማራጭ ሰጠኝ። ወጣቶቹ የመረጡት ፊቱ እንደ መስተዋት የጠራውን፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ የጠፋበትን፣ ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ ያለበትን ነው። ዋናው ፎቶ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ከኋላቸው ወርቃማ ብርሃን ለቀቅኩበት። ሳየው እኔ ራሴ ኮራሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ኦርቶዶክስ ነው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ጋሼ ነው የምለው። ከስፌት መኪናው በላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሏል። ዝናብ ሲጥል ሻይ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። ኮምፒውተሩን አየና፣

"እናንተ ሥዕል አንሳለምም አትሉም እንዴ? ይሄ በራሳቸው ዙሪያ ያለው ታዲያ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ብርሃን ነው እንጂ ሥዕል አይደለም ጋሼ።"

"እኛም'ኮ ብርሃን ነው የምንለው" ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ስልኬ ላይ ድሮ ይህ ነገር እንዴት ነበር ብዬ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1524 ዙሪክ ከተማ ውስጥ ተሐድሶዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ማውጣታቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሃንስ ባልዱንግ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ የማርቲን ሉተርን ምስል በእንጨት ቀርጾ አሳትሞ ነበር፤ ከራሱ ዙሪያ የቅዱሳን ብርሃን፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ርግብ! ሉተር ያን ጊዜ በሕይወት ያለ፣ ገና የ37 ዓመት ሰው ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳስ መልእክተኛ ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ምስል እየገዛ ይስመዋል ብሎ በንዴት ጽፏል። ጋሼ ይህን ቢሰማ ኖሮ አይለቀኝም ነበር።

የያን ሁስም አለ። ያን ሁስ የቦሄሚያ ሰባኪ ነው፤ ከሉተር 100 ዓመት ቀድሞ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1415 ኮንስታንስ ላይ በእሳት የተቃጠለ። ቀደም ባሉት ሥዕሎች ፊቱ የተላጨ፣ ፂም የሌለው ነው፤ የዚያ ዘመን ካህናት ይላጩ ስለነበር። ከ100 ዓመት በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ግን ረጅም ፂም ሰጡት። ሰማዕት ሲሆን ነቢይ ይምሰል ብለው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1915 ፕራግ አደባባይ ላይ የቆመለት ትልቁ ሐውልትም ፂማም ነው። ዛሬ የተላጨውን ሁስ ብታሳዩ "ይሄ ማነው?" የሚል ይበዛል። ለካ ይህ ነገር በኤአይ አልተጀመረም አልኩና ተጽናንቼ ተኛሁ።

ባነሩ በመጣ በሁለተኛው ቀን እማዬ ከወልቂጤ መጣች። ባለቤቴ አራስ ነበረች። እማዬ ቆጮውንና ቅቤውን ተሸክማ መጥታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ጥቂት ቀን ከቆየች በኋላ አንድ ጠዋት "ሥራህን ልየው" ብላ ሱቅ መጣች። ባነሩ ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ወጣቶቹ እስኪወስዱት።

ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው።

"ማን ናቸው እኚህ?"

"ቄስ ጉዲና ናቸው'ኮ እማዬ።"

"እሳቸው እንዲህ ነበሩ?" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ቆየት ብላ "የወንድሜን ፎቶ እንዲህ ልታደርገው ትችላለህ?" አለችኝ።

ወንድሟ ማለት አጎቴ ነው። ስለሱ ከመናገሬ በፊት ራሴን ልክሰስ። በልጅነቴ በአጎቴ አፍር ነበር። አጎቴ በደርግ ጊዜ በወልቂጤ ዙሪያ ባሉት መንደሮች በእግሩ እየዞረ የሚሰብክ ሰው ነበር። ፊደል ያስቆጥራል፣ መዝሙር ያስተምራል። በ1972 ዓ.ም. ክረምት "መጤ ሃይማኖት ታስፋፋለህ" ብለው አሰሩት። ሰባት ወር ቆየ። ከዚያ ሁለተኛ አልሰብክም ብሎ ፈርሞ ወጣ፤ እንደ ፈረመውም ሁለተኛ አልሰበከም። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ጨውና ሳሙና ሲሸጥ ኖረ። ከ1983 በኋላ አብያተ ክርስቲያናት በነፃነት ሲከፈቱ እሱም መጣ፤ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቡራኬ ሳይደርስ ይወጣል። እኔ ያን ጊዜ ሰንበት ትምህርት ቤት ነኝ። ስለ እስጢፋኖስ፣ ስለ ጳውሎስ፣ ስለ ቄስ ጉዲና ያስተምሩናል። አንድ ቀን አንድ ልጅ "ያ የካደው ሰውዬ አጎትህ ነው አይደል?" አለኝ። "የሩቅ ዘመድ ነው" አልኩት። አጎቴ በ1991 ዓ.ም. ሞተ። ያን ቃሌን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እማዬ ከመቀነቷ ጫፍ አንዲት ጉርድ ፎቶ ፈታች። ሦስት በአራት የምትሆን፣ መሐሏ ላይ የታጠፈች፣ አንዱ ጥግ የማኅተም ቁራጭ ያለባት። የድሮ መታወቂያው ላይ የነበረች ናት። ካለችው ሌላ ፎቶ የለም አለችኝ። ለምን እንደሌለ ቆይታ ነው የነገረችኝ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ለእናቴ የምሠራው ነውና ተጠበብኩ። ስካን አደረግኩ፣ እጥፋቱን አጠፋሁ፣ ማኅተሙን አነሳሁ፣ ቀለም ሰጠሁት። ሱፍ እንኳ አለበስኩት። ኤአዩ የአጎቴን ግራ ዓይን፣ ያቺን ግማሽ ክድን የነበረችውን፣ ከቀኙ ጋር እኩል አድርጎ ከፈታት። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ አስቀመጠለት። በወፍራም ወረቀት አትሜ ሰጠኋት።

መነጽሯን አደረገች።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"አጎቴ ነዋ እማዬ!"

"አይደለም።"

እኔ ቀለሙ መስሎኝ "ቆዳው ቀላብሽ?" አልኳት። ጣቷን በግራ ዓይኑ ላይ አደረገች።

"ይቺ ዓይን'ኮ እስር ቤት ነው እንዲህ የሆነችው። በዱላ። ስትወለድ እንዲህ አይደለችም። አንተ አድነህ ሰጠኸኝ። ማን አድን አለህ?"

ከዚያ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ባለቤቴ ቤት ሆና፣ ሱቁ በር ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ ዕድሜ ልኬን ያልነገረችኝን በአንድ ጠዋት ነገረችኝ። አጎቴ ለስድስት ወር አልፈርምም ብሎ ነበር። ዓይኑ የሄደችው በዚያ ጊዜ ነው። በሰባተኛው ወር እሷን አመጧት። ዕድሜዋ 20 ገደማ ነው፣ ያገባች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች። ምንም አላደረጉኝም አለች፤ ፊቱ አቆሙኝ፣ እሱ ሲያየኝ ወረቀቱን ስጡኝ አለ።

ያ የመጀመሪያ ልጅ ታላቅ እህቴ ናት።

"እሱ ጀግና አልነበረም" አለች እማዬ። "ፈሪ ነበር። ልጅ ሆነን ጅብ ሲጮህ እኔ ሥር ነበር የሚገባው። እየፈራ ነው ስድስት ወር የቆየው። አንተ አሁን የሰጠኸኝ ይሄ የሚስቀው ሰውዬ ምንም አልደረሰበትም።"

ስለ ፎቶዎቹም የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። አጎቴ ሲያዝ ቤት ውስጥ አንድ የቡድን ፎቶ ነበር፤ የመንደሩ አማኞች አንድ ላይ ቆመው የተነሱት። 11 ሰው። ፎቶው ከተገኘ ሌሎቹም ሊለቀሙ ነው። ስለዚህ ያኑ ሌሊት ምድጃ ውስጥ ከተተችው። "አሥራ አንድ ሰው ነው ያቃጠልኩት" አለችኝ፤ "ፊታቸው ቶሎ አልነደደም"። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሰዎች አንድም ሌላ አልተያዙም። ፎቶ ግን የለም። ጥቂቶቹ ያን ፎቶ ያህል የሚሆን ሌላ ማስታወሻ ሳይተዉ ሞቱ።

እኔ ሥራዬ ፎቶ ነው። ፎቶ የሌለው ሰው የሚረሳ ነበር የሚመስለኝ። ፎቶው የጠፋው እንዳይገደሉ ተብሎ ነው የሚለውን አስቤው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ሙያ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ከዲጂታሉ በፊት ሪታች የሚደረገው በእርሳስ ነው። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ አስቀምጠው፣ እርሳሱን እንደ መርፌ አሹለው፣ ብጉሩንና ሽብሽቡን በነጥብ በነጥብ ይሸፍኑ ነበር። እኔ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ገበሬ ጠባሳ አጥፍቼ አሳየኋቸውና ተቆጡኝ። "ብጉር የእንግዳ ነው፣ አጥፋው። ጠባሳ ግን የባለቤቱ ነው፤ ሳትጠይቀው አትንካ" አሉኝ። ይህን ሕግ ለስንት ዓመት ጠብቄው ኖሬ፣ ማሽኑ ሲመጣ ረሳሁት። ማሽኑ ብጉርና ጠባሳ አይለይም። የሚያውቀው የብዙ ሰው ፊት ተደምሮ የሚሰጠውን ነው፤ ስለዚህ ማንንም ሰው ወደዚያ ይጎትተዋል።

ባነሩን ዘወር ብዬ አየሁት። ሁለት ሜትር በሦስት። ያ ፊት የማን ነው? ፎቶው በተነሳበት ቀን ቄስ ጉዲና ምን ያስቡ እንደነበር ፎቶ አይነግረኝም። ግን የሚታወቅ ነገር አለ። የ50 ዓመት ሰው ናቸው፤ ትዳር አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። መታሰር ምን እንደሆነ አይተውታል። የሚወጡበት በር ተከፍቶላቸው ነበር። ያን በር አይተው የቀሩት እኔ በኤአይ ያወጣሁት፣ ምንም የማይነካው፣ ወርቅ የሚተፋው ሰውዬ አይደሉም። እሱማ ቢቀር ምን ይደንቃል? ምን ያጣል? የቀሩት ሊሄዱ የሚችሉ ሰው ናቸው። ብርሃኑን ስለቅበት መቅረታቸውን ቀላል አደረግኩባቸው።

አንዳንዶቻችሁ አሁን "አጎትህን ከቄስ ጉዲና ጋር ልታስተካክል ነው" እንዳትሉኝ። አላስተካክልም። እሳቸው ቀሩ፣ አጎቴ ፈረመ። እማዬም አላስተካከለችም። ልዩነቱን እሷ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች፤ በሷ ምክንያት የመጣ ነውና። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሰማዕቱን ከሰው ተራ ባወጣነው ቁጥር የፈረመውን ሰው ደግሞ ከሰው በታች እናወርደዋለን። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ አጎቴን "የሩቅ ዘመድ" ያልኩት፣ ሰማዕታት የማይፈሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ስላመንኩ ነው። ቢፈሩም የቀሩ ናቸው ብዬ ባውቅ ኖሮ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ሄጄ እቀመጥ ነበር።

ማታ ለወጣቶቹ ደወልኩ። በማግስቱ መጡ። ባነሩን እንደገና ልሠራው እንደምፈልግ፣ ወጪው የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንዶቹ ቅር አላቸው። ልጅቷ ግን ተከራከረችኝ፣ ክርክሯም ባዶ አልነበረም።

"ጋሼ፣ አንተ የምትለው ልክ ነው እንበል። ግን ልጆቹ ካላዩት ምን ዋጋ አለው? ባለቀለሙን ቆመው ያያሉ፣ የደበዘዘውን አያዩም።"

"ቆመው የሚያዩት እሳቸውን ካልሆነስ?"

"ቆመው ካዩ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ" አለች።

መልስ አጣሁ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አንዱ ዘንድ ፎቶው ያለበት አሮጌ መጽሐፍ ተገኘ። ከገጹ ላይ በደንብ ስካን አደረግኩት። የማተሚያው ነጠብጣብ በትልቁ ሲታተም ይታያል፤ ተውኩት። አቧራውን ብቻ ጠረግኩ። ጥቁርና ነጭ፣ ብርሃን የለ፣ አክሊል የለ። ከሥሩ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን፣ የተወሰዱበትን ቀንና አጽማቸው የተገኘበትን ዓመት ጻፍን። ባለቀለሙን ደግሞ እነሱ ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ለቀቁት። እዚያ ላይ ተሸነፍኩ፤ ምን ይደረጋል።

ሐምሌ 21 ማታ ዝናቡ አላቆመም። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ጄኔሬተሩም ሁለቴ ጠፋ። ልጅቷ ከባነሩ ፊት ቆማ ታሪኩን ለልጆቹ ነገረቻቸው፤ አሳምራ ነገረቻቸው። አንድ የሰባት ዓመት የሚሆን ልጅ እጁን አወጣና "ፈርተው ነበር?" አለ። ልጅቷ ወደኔ አየች። ከዚያ "እንግዲህ ሰው ናቸው፤ ሳይፈሩ አይቀሩም" አለችው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፣ የገባው ይመስል።

ስንወጣ ጋሼ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። እንደሚመጣ አልነገረኝም ነበር። ባነሩን ከውጭ ሆኖ አይቶት ኖሯል።

"ብርሃኑን አነሳኸው?"

"አነሳሁት።"

ትንሽ አብረን ሄድን። "አጽማቸው የት እንደተገኘ ታውቃለህ?" አለኝ። አዲስ አበባ፣ የራስ አስራተ ካሳ ቤት በነበረው ግቢ ውስጥ መሆኑን እንዳነበብኩ ነገርኩት። "አቡነ ቴዎፍሎስም እዚያው ናቸው የተገኙት" አለኝ። "ፓትርያርካችን። ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ፣ አስሮ፣ በዚያው ክረምት ነው የገደላቸው። አጽማቸውን አውጥተው ጎፋ ገብርኤል ቀበሯቸው፤ ራሳቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው።" ከዚያ ጭቃውን እየተሻገረ "ላይ ላይ እኛና እናንተ እንከራከራለን። እነሱ ከሥር 13 ዓመት አንድ ግቢ ከርመዋል" አለኝ። ሱቁ በር ላይ ደህና እደር ተባብለን ተለያየን።

የአጎቴን ፎቶ እንደገና ሠራሁት። እጥፋቱ አለ፣ የማኅተሙ ቁራጭ አለ፣ ግራ ዓይኑ ግማሽ ክድን ናት። መጠኑን ብቻ ነው ያሳደግኩት። እማዬ ወልቂጤ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ፣ ከእህቴ የምርቃት ፎቶ አጠገብ ሰቅላዋለች። ሰሞኑን ስሄድ አንዲት ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ "ምነው እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው?" ብላ ጠየቀች። እማዬ ስኒውን አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። እኔ ስሰማ ለሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ እህቴ ግን ጓዳ ውስጥ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። ክረምቱ ሳያረጥብባችሁ ሣጥን ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፎቶዎች አውጧቸው። ከማደሳችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አባታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ በአንድ ጠይቋቸው፤ ይህ ማነው፣ የት ነው፣ ይህ ጠባሳ ከየት መጣ? የነገሯችሁን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉት፤ ቢክ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማደስ የምትፈልጉ ኑ፣ እሠራላችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ምኑን ላጥፋ ምኑን ልተው ብዬ እጠይቃችኋለሁ።

የ11ዱን ሰዎች ስም እማዬ አስጽፋኛለች። ዘጠኙን አስታወሰች። ሁለቱን እየፈለግን ነው።